ኤጀንቶቻችሁ መቼ ራሳቸው ይወስኑ፣ መቼ ይጠይቁ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ በራሳቸው ላይ ጀመሩ። ፕሮጀክቱን «ኤሌክትሪክ ኤልቭስ» አሉት። ለእያንዳንዱ ሰው «ፍራይዴይ» የሚባል የሶፍትዌር ኤጀንት፣ ማለትም ሰውን ወክሎ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ተመደበ። ሥራው የጸሐፊ ነው። አለቃው ሊያረፍድ ከሆነ ስብሰባ ያራዝማል። ገለጻ የሚያቀርብ ሰው ሲፈለግ አለቃውን ወክሎ ይመልሳል። ምግብም ያዛል። ኤጀንቶቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ቀን ከሌት ይሠሩ ነበር።

ከዚያ ጉዱ መጣ። አንዱ ፍራይዴይ አንድን ስብሰባ 50 ጊዜ ያህል አራዘመ፣ በየጊዜው በ5 ደቂቃ። የተማረውን ደንብ በትክክል ነበር የተከተለው። ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች እየተጉላሉ መሆኑ ግን ከቁብም አልገባም። ሌላው፣ አለቃው ከዲቪዥኑ ዳይሬክተር ጋር የነበረውን ቀጠሮ ሰረዘ። ሦስተኛው መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ሲያልቅበት ሳምንታዊውን የምርምር ስብሰባ ሰረዘ። አራተኛው ደግሞ አለቃው ያልፈለገውን ገለጻ «እሱ ያቀርባል» ብሎ አረፈው።

ፖል ሼሪ፣ ዴቪድ ፒናዳዝ እና ሚሊንድ ታምቤ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለዚህ ሲጽፉ የደረሱበት ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። ውሳኔን ለሰው መስጠት ወይም ለኤጀንት መስጠት አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቅደም ተከተል ያለው ዕቅድ ይፈልጋል፦ መጀመሪያ ማን ይጠየቅ፣ ስንት ደቂቃ ይጠበቅ፣ ጊዜ እንዴት ይገዛ፣ በመጨረሻ ማን ይወስን።

ዛሬ ሦስት አራት ኤጀንት አቀናጅቶ ሥራ ማስጀመር የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ሆኗል። አብዛኛው ሰው ግን ሲያቀናጅ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ያህል ነፃነት ልስጠው?» እኔ የምለው፣ ከዚህ ይልቅ ኤጀንቱ ጠይቆ መልስ ሳይመጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ሥራ የሚበላሸው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ነገሩን መሬት ለማስያዝ አንድ ምሳሌ እንያዝ። በቴሌግራም ጫማ የምትሸጥ ባለሱቅ አለች እንበል። ሦስት ኤጀንቶች አሏት። አንዱ ደንበኛ ያናግራል። ሁለተኛው ዕቃ ይቆጣጠራል፣ ሲያልቅም ከአቅራቢ ያዛል። ሦስተኛው ሞተረኛ ይመድባል። ከሰው ወገን ደግሞ ባለሱቋ ራሷና ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ አሉ።

አንደኛ፦ ኤጀንቶቹን ሳይሆን ውሳኔዎቹን ዘርዝሩ

«ይሄኛው ኤጀንት ነፃ ነው፣ ያኛው ፈቃድ ይጠይቃል» ማለት ብዙ አይረዳም። አንድ ኤጀንት ውስጥ ቀላልም ከባድም ውሳኔ አለ። ደንበኛ የሚያናግረው ኤጀንት «38 ቁጥር አለ ወይ?» ሲባል ይመልሳል። ያው ኤጀንት ቅናሽ ሲጠየቅም ይመልሳል። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ ጻፉ፦ ዋጋ መናገር፣ ዕቃ ለደንበኛ መያዝ፣ ቅናሽ መስጠት፣ ሞተረኛ መላክ፣ ከአቅራቢ ማዘዝ፣ ገንዘብ መመለስ። በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ጥያቄ መልሱ። ከተሳሳተ መመለስ ይቻላል? ስህተቱ ስንት ብር ያስወጣል? ውሳኔው ሲዘገይ ማን ቆሞ ይጠብቃል?

ሁልጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ነው። የፍራይዴይ 50 ጊዜ ማራዘምም የመጣው ከዚሁ ነው። ማራዘም ለአለቃው ምንም አያስከፍልም ነበር። የከፈሉት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው የጠበቁት ናቸው።

ሁለተኛ፦ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ደረጃ ስጡ

ሸሪዳን እና ቨርፕላንክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባለ 10 ደረጃ መሰላል አውጥተው ነበር። በአንዱ ጫፍ ሁሉንም ሰው ይሠራል። በሌላው ጫፍ ኮምፒውተሩ ራሱ ይወስናል፣ ሰውን ከነጭራሹ አይሰማም። ለጥናት ጥሩ ነው። ለእኛ ሥራ ግን አራት ይበቃል፦

ሀ. ያደርጋል፣ አይናገርም።
ለ. ያደርጋል፣ ከዚያ ይናገራል።
ሐ. ይጠይቃል፣ መልስ ካጣ ወደ ተጻፈለት ዕቅድ ይሄዳል።
መ. ሰው ካልፈቀደ በፍጹም አያደርግም።

ዋጋ መናገር «ሀ» ነው። ዕቃ ለሁለት ሰዓት መያዝ «ለ» ነው፤ ከተሳሳተም ይለቀቃል፣ በቃ። ገንዘብ መመለስ «መ» ነው። ቅናሽን ግን በመጠኑ ከፋፍሉት፦ እስከ 5 በመቶ «ለ»፣ ከ5 እስከ 15 «ሐ»፣ ከዚያ በላይ «መ»። አንድ ውሳኔ በብር መጠን ሲከፋፈል ባለሱቋ በቀን የሚደርሳት ጥያቄ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁሉንም «መ» ማድረግ ደህና የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ባለሱቋ ለቅሶ ቤት ብትሄድ ሱቁ ቆመ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ የመጠበቂያ ዕቅድ ጻፉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ጊዜ ስጡት። «ሐ» ያላችሁት ውሳኔ ሁሉ የራሱ ዕቅድ ያስፈልገዋል።

አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ሐዋሳ ያለች ደንበኛ ጻፈች እንበል። 6 ጥንድ ጫማ ትወስዳለች፤ ጠቅላላ ዋጋው 8,000 ብር ነው። 15 በመቶ ቀንሱልኝ አለች፣ ማለትም 1,200 ብር። ዕቃው ዛሬ እንዲሄድላት ደግሞ ሞተረኛው 9 ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ መነሳት አለበት።

ስንፍና የተጠናወተው ዕቅድ እንዲህ ይላል፦ «ባለሱቋን ጠይቅ፤ በ5 ደቂቃ ካልመለሰች የመሰለህን አድርግ።» ሳምንታዊውን ስብሰባ ያሰረዘው ይህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ዝምታ መስማማት አይደለም፤ ሴትየዋ ታክሲ ውስጥ ልትሆን ትችላለች።

የተሻለው ይሄን ይመስላል፦

8:10። ባለሱቋን ጠይቅ። 6ቱን ጥንድ ያዝ። ለደንበኛዋ «ቅናሹን እያስጠየቅኩልዎ ነው፣ እስከ 8:50 እመልስልዎታለሁ» በላት።

8:30። መልስ ከሌለ ሱቅ ያለችውን ልጅ ጠይቅ። እሷ እስከ 10 በመቶ መፍቀድ ትችላለች። የሞተረኛውን ኤጀንት «ለ6 ጥንድ ቦታ ያዝ» በለው።

8:50። አሁንም ዝም ከሆነ ለራስህ የተፈቀደውን 5 በመቶ አቅርብ። ደንበኛዋ ትምረጥ፦ ዛሬ በ5 በመቶ፣ ወይም ነገ የባለሱቋን መልስ ጠብቃ።

9:00። ካልተስማማች የሞተረኛውን ቦታ ልቀቅ። ዕቃውን እስከ ነገ ጠዋት ያዝ።

ልብ በሉ፣ በመጨረሻ ኤጀንቱ የሚያደርገው «ትክክል ነው ብሎ የገመተውን» አይደለም። ቢሳሳት ብዙ የማይጎዳውን ነው። 15 በመቶ ከሰጠ በኋላ «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው» ማለት ያሳፍራል። 5 ሰጥቶ ነገ ወደ 15 ማሳደግ ግን ደንበኛ ያስደስታል።

ደቂቃዎቹን ከየት አመጣኋቸው? ትንሽ ሒሳብ ነው። ኤጀንቱ ብቻውን ሲወስን ከ10 ጊዜ 2 ጊዜ ይሳሳታል እንበል። ስህተቱ 1,200 ብር ከሆነ በአማካይ 240 ብር ያስከፍላል ማለት ነው። የባለሱቋ መልስ ቢበዛ ይህን 240 ብር ያድናል። በ10 ደቂቃ ውስጥ የመመለስ ዕድሏ ግማሽ ከሆነ፣ እነዚያን 10 ደቂቃ መጠበቅ በአማካይ 120 ብር ያድናል። ታዲያ መጠበቁ ስንት ያስከፍላል? ከ9 ሰዓት በፊት ከደንበኛዋ ትዕግሥት በቀር እምብዛም አያስከፍልም። ከ9 በኋላ ግን ለብቻው ሞተረኛ መላክ ግድ ይሆናል፤ 400 ብር በሉት። ለ120 ብር ሲባል 400 አይከፈልም። ስለዚህ መስመሩ 9 ሰዓት ነው፣ ለማሸግ 10 ደቂቃ ስትቀንሱ 8:50። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። ግምትም ቢሆን ከዝም ብሎ «5 ደቂቃ» ይሻላል። የኤሌክትሪክ ኤልቭስ ተመራማሪዎች ይህን ያሰሉት በማርኮቭ የውሳኔ ሒደት፣ ማለትም የእያንዳንዱን እርምጃ ዕድልና ዋጋ በሚያመዛዝን የሒሳብ ዘዴ ነበር። ለሦስት ኤጀንት ግን የወረቀት ጀርባ ይበቃል።

አንድ ነገር ጨምሩ፦ ጊዜ መግዛት ገደብ ይኑረው። «ትንሽ ቆይ» ማለት ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ከማለቱም በፊት የሚጠብቀውን ኤጀንት ይጠይቅ። የሞተረኛው ኤጀንት «ሌሎች አራት ዕቃዎች በዚሁ ጉዞ ይሄዳሉ» ካለ፣ መዘግየቱ የአንዲት ደንበኛ ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

አራተኛ፦ የእያንዳንዱ ውሳኔ ሥልጣን አንድ ቦታ ይመዝገብ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት ደቡብ ጀርመን፣ ኡበርሊንገን አቅራቢያ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጩ። 71 ሰው ሞተ። በሁለቱም አውሮፕላን ላይ ቲካስ የሚባል ግጭት መከላከያ መሣሪያ ነበር። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ተስማምተዋል፤ የሩሲያው የመንገደኞች አውሮፕላን ቱፖሌቭ ይውጣ፣ የዲኤችኤል ጭነት አውሮፕላን ይውረድ። በዚያው ሰዓት መሬት ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ቱፖሌቩን ውረድ አለው። ፓይለቶቹ ሰውየውን ሰሙ። ሁለቱም ወረዱ።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው «ማሽኑን ስማ» የሚለውን ነው። በአቪዬሽን በርግጥ ደንቡ እንዲያ ተብሎ በግልጽ ተቀመጠ፦ ቲካስ ከተቆጣጣሪው ጋር ሲጋጭ ቲካስ ይሰማል። ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የሰውየው ትእዛዝ የመጣው ከመሣሪያዎቹ ስምምነት ውጭ ነበር። የጥንዱን ግማሽ ብቻ ቀየረ፤ ሌላው ግማሽ ባለበት ቀጠለ።

ወደ ሱቃችን ስንመለስ፣ ባለሱቋ ለሞተረኛው በቀጥታ ደውላ «ተው አትሂድ» ብትለው ያው ነው። የሞተረኛው ኤጀንት ሄዷል ብሎ ያስባል። ደንበኛ የሚያናግረው «ተነስቷል» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ አንድ የጋራ መዝገብ አብጁ። ለእያንዳንዱ ክፍት ውሳኔ አንድ መስመር፦ ጉዳዩ፣ አሁን ማን እጅ ላይ እንዳለ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ማን እንደሚያልፍ። ሰው ጣልቃ ሲገባ በዚህ መዝገብ በኩል ይግባ፣ ለሁሉም ኤጀንቶች በአንድ ጊዜ ይድረስ። ለባለሱቋም «ይህን ጉዳይ እኔ ይዤዋለሁ» የምትልበት አንድ ቁልፍ ስጧት። ስትጫን ሌላው ሁሉ እጁን ያነሳል።

እዚያው ሳላችሁ ድግግሞሽን አስወግዱ። ሦስት ኤጀንቶች ስለ አንድ ትዕዛዝ ለየብቻ ቢጠይቋት ስልኩን ታጠፋዋለች። እኔም አጠፋው ነበር።

አምስተኛ፦ ጥያቄውን በወጉ ጠይቁ

መጥፎ ጥያቄ፦ «የቅናሽ ጥያቄ መጥቷል። ምን ላድርግ?»

ደህና ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ያለች ደንበኛ ለ6 ጥንድ 15% ቅናሽ ጠየቀች። ከፈቀዱ ትርፉ 900 ብር ይሆናል፤ ካልፈቀዱ 2,100። እስከ 8:50 ከሰዓት ካልመለሱልኝ 5% አቀርባለሁ።» ከሥሩ አራት ቁልፍ፦ 15% ይሁን፣ 10% ይሁን፣ አይሆንም፣ እኔ ላናግራት።

ጥያቄው ውስጥ የዝምታ ውጤት ተጽፏል። ባለሱቋ አይታ ዝም ብትል እንኳ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ አማርኛ ላይ የሚሠራ ኤጀንት ያላችሁ ተጠንቀቁ። ደንበኛ «ነገ 3 ሰዓት ላኩልኝ» ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፣ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 9:00። ኤጀንቱ ሌሊት 9 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። በተለይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለአገር ቤት ሲያዝ የትኛውን ሰዓት እንደተናገረ ለሰውም ግራ ነው። «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ከሌለ ኤጀንቱ እንዳይገምት፤ ደንበኛውን ይጠይቅ። ጥያቄው ርካሽ ነው፣ ስህተቱ 6 ሰዓት ነው።

የሚላክበት መንገድም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። አዲስ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ፣ ስምንተኛው ላይ አሮጌ ኮድ ነቅቶ ነበር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስለ ችግሩ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኳል። ኢሜይሎቹ ለማስጠንቀቂያ ተብለው የተዘጋጁ ስላልነበሩ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ «ሐ» እና «መ» ጥያቄዎች ከተራ ሪፖርት ጋር አንድ ቻናል ውስጥ አይግቡ። ጥያቄው በተለየ ድምፅ ይምጣ፤ ካልታየ ስልክ ይደወል።

ስድስተኛ፦ ደረጃውን ከፍ ዝቅ አድርጉ

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር አንድ ደረጃ ጠበቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ኤጀንቱ ሲጠይቅ የራሱን ሐሳብም ይጻፍ፣ ባለሱቋ የወሰነችው ከጎኑ ይመዝገብ። በአንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ ሐሳባቸው ለሳምንታት ሲገጥም ያንን ውሳኔ ብቻ ከ«ሐ» ወደ «ለ» አውጡት።

እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። የዳይሬክተሩን ቀጠሮ የሰረዘው ፍራይዴይ ከተማረባቸው ምሳሌዎች ተነስቶ ከልክ በላይ ሰፊ ደንብ ስላወጣ ነው። ብርቅ ነገር ምሳሌ የለውም። ስለዚህ ደንብ መማር የማይነካቸውን ጉዳዮች በእጃችሁ አጥር ሥሩላቸው፦ ትልቅ ደንበኛ፣ አቅራቢ፣ ገንዘብ መመለስ።

ዝቅ ማድረጉ ግን ሰው ሳይጠብቅ በራሱ ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን በድሮ ዋጋ ተምሮ ከአቅራቢ የሚያዝ ኤጀንት በራሱ ይወስን ነበር ብላችሁ አስቡት! የአቅራቢ ዋጋ ከለመደው በላይ ከተንቀሳቀሰ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ትዕዛዝ ከተሰረዘ፣ የበዓል ዋዜማ ከሆነ፣ ሁሉም «ለ» ወደ «ሐ» ይውረድ። መልሶ የሚያወጣው ሰው ነው።

ሰውንም ተከታተሉ። ተመራማሪዋ ሊሳን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳየችው፣ ማሽኑ ብዙውን ሲሠራ ሰው ሥራውን ከእጁ ያጣዋል፤ ሲጠራ ደግሞ በጣም አስቸጋሪው ላይ ነው የሚጠራው። ባለሱቋ ጥያቄ በመጣ በሁለት ሴኮንድ «ይሁን» እያለች ከሆነ እያነበበች አይደለም። ወይ ጥያቄው በዝቷል፣ ወይ ደረጃው ከፍ ማለት ነበረበት።

ሰባተኛ፦ ከመጀመራችሁ በፊት አበላሹት

የባለሱቋን ስልክ አጥፉና የሐዋሳውን ትዕዛዝ አስገቡ። ዕቅዱ እስከ 9:00 በራሱ መሄድ አለበት። ቀጥሎ 8:30 ላይ ኔትወርክ ቁረጡ፤ አገራችን ስለሆነ ይህ ፈተና በራሱም ይመጣል። ኔትወርኩ 9:20 ላይ ሲመለስ ኤጀንቱ ያለፈበትን ጥያቄ እንደ አዲስ መላክ የለበትም። መዝገቡን አይቶ የቱ ጋ እንደቆመ ይወቅ።

በመጨረሻ የዘገየ መልስ ላኩ። 8:50 ላይ 5 በመቶ ቀርቧል፣ ደንበኛዋ ተስማምታለች፣ ባለሱቋ 8:56 ላይ «15% ይሁን» ትላለች። ብዙ ሲስተም እዚህ ላይ ይምታታል፤ ለደንበኛዋ ሁለተኛ ዋጋ ይልካል፣ ሞተረኛው ደግሞ የድሮውን ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። የእናንተ ግን ጉዳዩ 8:50 ላይ መዘጋቱን ለባለሱቋ ይንገራትና ሁለት ምርጫ ይስጣት፦ እንዳለ ይሂድ፣ ወይም ልዩነቱ ለሚቀጥለው ግዢ ይያዝላት። ጉዳዩ እንደገና የሚከፈተው እሷ ራሷ «ይህን ጉዳይ እኔ ይዤዋለሁ» የሚለውን ስትጫን ብቻ ነው።